ረጅም አባት

«አጭር ነህ ብሎ ማንም አልሰደበህም» አለች ኔሪስ፣ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ አውርዳ አቧራውን በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች። «ግማሽ ቀን ነው። ለልጅህ ብለህ ግማሽ ቀን አትችልም?»

«ለልጄ ብዬ ነው ከልጄ አባትነት የምወርደው?» አለ ኤልፒዲዮ።

ዳማሶ በተውሶ ከመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር። የልጁ የክርስትና አባትም የቤዝቦል አሰልጣኙም ነው። ዮስማርን ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ከሰፈር ሜዳ ወስዶ፣ አብልቶ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ኳስ መወርወር አስተምሮ እዚህ አድርሶታል። ከሚፈረመው ገንዘብ ላይ ሲሶውን እንደሚወስድም ከመጀመሪያው ተነጋግረዋል። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ጣልቃ አይገባም፤ ሲደክማቸው ጠብቆ የሚናገር ሰው ነው። አሁንም ጠበቀና «አበልጅ፣ እኔ እኮ ሕጉን አላወጣሁትም» አለ። «ሰውየው አባትየውን ማየት እፈልጋለሁ አለ። እኔ አንተን ባሳየው ደስ ባለኝ። ግን አንተን አይቶ ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

ኤልፒዲዮ ያውቃል። በሳን ፔድሮ ይህን የማያውቅ የለም። ሴኞር ባልካሴር የሚባለው፣ ከባሕሩ ማዶ ያለው የሰሜኑ ክለብ መልማይ የዮስማርን ክንድ ወዶታል፤ ኳሱ ይፈጥናል፣ ሲፈለግም ተቀባዩ ጓንት አጠገብ ሲደርስ ይታጠፋል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ልጁ ገና አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላውም፤ ነገ ምን ዓይነት ሰውነት ያወጣል? ጨዋታ የሚከፍት ወርዋሪ፣ ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ሌላው እስኪዝል ድረስ የሚወረውር ሰው፣ ቁመት ያስፈልገዋል፣ ትከሻ ያስፈልገዋል፣ ዓመት በመጣ ቁጥር የማይሰበር አጥንት ያስፈልገዋል። ካልረዘመ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ኳስ ይገባና ይወጣል፤ ዋጋውም እንደ ሥራው ነው። ታዲያ መልማዮቹ የልጁን ነገ ዛሬ ለማየት ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። የአውራ ዶሮ ገዢ ጫጩቱን ትቶ «አባቱን አሳዩኝ» እንደሚለው ማለት ነው። ኤልፒዲዮ ደግሞ በሠርጉ ቀን በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ እንኳ፣ ተረከዙ ወፍራም ጫማ አድርጎ፣ ከሙሽራዋ ጆሮ አይበልጥም።

መፍትሔውን ያመጣው ዳማሶ ነው፤ ከዚያ በፊትም በሌላ ቤት ሠርቶለታል። ኤልፒዲዮ በእናት የሚገናኘው ታናሽ ወንድም አለው፤ ቶሪቢዮ ይባላል። አባቱ ሸንኮራ አገዳ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ሰው። ቶሪቢዮም በአባቱ ወጣ። እናታቸው ስትሞት ኤልፒዲዮ ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገው እሱን ነው፤ አሁን ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነጭ ጓንት አጥልቆ በር ይከፍታል፤ ደመወዙ የቁመቱ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። ዛሬ የዮስማር አባት ሆኖ ሊታይ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል። ዳማሶ የገዛለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ፔሶ የሚለው የዋጋ ወረቀት ገና ከብብቱ ሥር ተንጠልጥሏል። ከገባ ጀምሮ ወንድሙን ፊት ለፊት አላየውም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ኤልፒዲዮ።

ቶሪቢዮ ወደ ውጭ እያየ «እኔ ምን እላለሁ፤ የታዘዝኩትን ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶም «የወንድሜ ልጅ እኮ ነው። ደሙ ያው ነው» አለ፣ ለራሱ የሚያስረዳ ይመስል።

ጭቅጭቁ ያለቀው ኤልፒዲዮ ተስማምቶ ሳይሆን በቁጥር ተበልጦ ነው። ዳማሶ አባትየው ከቤት ርቆ እንዲውል ፈልጎ ነበር። ኤልፒዲዮ ግን ከገዛ ቤቴ አልወጣም፣ ልጄ ሲመዘን ባልናገርም አያለሁ ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ጎረቤት እንዲሆን ተባለ፤ ውኃ የሚቀዳ፣ በረዶ የሚያቀርብ፣ ለእናትየው የሚያግዝ ደግ ጎረቤት። ኔሪስ የሞተር ታክሲ ነጂዎች የሚለብሱትን የኤልፒዲዮን ብርቱካናማ ሰደርያ ከበሩ ጀርባ አውርዳ ከፎቶግራፉ ጋር ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ፎቶግራፉ ከግድግዳው ሲነሳ ከሥሩ ያልጠቆረ አራት ማዕዘን ቀረ፤ እሷም የእመቤታችንን ሥዕል ከመኝታ ቤት አምጥታ ሰቀለችበት። ሥዕሉ አነስ ስለሚል ነጩ ግድግዳ በዙሪያው እንደ ክፈፍ ታየ። «እንዲያውም ያምራል» አለች። 

ዮስማር ይህ ሁሉ ሲሆን መኝታ ቤት ነበር። በሩ መጋረጃ እንጂ መዝጊያ የለውም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ጓንቱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን በዘይት አስተኝቶ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ነበር። እናቱን ሳመ። ዳማሶን ባርከኝ አለው፣ እንደ ልማዱ። ቶሪቢዮን ሰላም ብሎ ትንሽ አቅማማና በሳቅ «አባዬ» አለው፣ ለመለማመድ። ኔሪስ ሳቀች። ዳማሶም ሳቀ። ቶሪቢዮ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክል ጀመር። ኤልፒዲዮ ሞተሩን ሊያስነሳ ወጣ።

ወደ ሜዳው በየቀኑ የሚያደርሰው እሱ ነው። መንገዱ ከስኳር ፋብሪካው አጥር ጋር ይሄዳል፤ ማታ ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ይንቦጫረቃል። ልጁ ከኋላ ሁለቱንም እጆቹን ትከሻው ላይ ጭኗል። ኤልፒዲዮ በመስታወቱ እነዚያን እጆች ያያል፤ መዳፋቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸው ረጃጅም፣ የአውራ ጣታቸው አንጓ ወደ ውጭ የጎበጠ። መሪውን የያዙት የራሱ እጆች ሌላ ሰው ላይ ተሠርተው ትከሻው ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። በኤልፒዲዮ ሰውነት ላይ ከሌላው ሁሉ የማይመጣጠን ትልቅ ነገር ቢኖር እጁ ነው። ልጅ ሆኖ አገዳ ሲቆርጥ ጓደኞቹ «እጁን አሳድጎ ሌላውን ረሳው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ዮስማር ሕፃን ሳለ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ጣቱን ሲጨብጠው ወዲያው ያወቀው በዚያ ነው፤ የእኔ ነው ያለው ያኔ ነው።

ከሜዳው በር ርቆ አንድ ማንጎ ዛፍ አለ። እዚያ ሲደርሱ ልጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እዚህ ጋ ይበቃል።»

«በሩ እዚያ ነው።»

«ጭቃ ነው፤ በእግሬ ልሂድ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው እንዳያይ ብዬ ነው፣ አባዬ። ታውቃለህ አይደል» አለ።

ኤልፒዲዮ አቆመለት። ልጁ ወርዶ፣ ከጫማው ላይ ጭቃውን በዛፉ ሥር ፍቆ፣ ዞር ሳይል ሄደ። አካሄዱ ያምራል፤ ትከሻው ሳይንቀሳቀስ እግሩ ብቻ ይሄዳል። መንገዱ ዳር ጥቁር መስታወት ያለው ነጭ መኪና ቆሞ ነበር፤ ኤልፒዲዮ ጭቃ እንዳይረጭበት ሰፋ አድርጎ ዞሮ አለፈው።

ልምምዱን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ አየ። አባቶች ሁሉ የሚቆሙት እዚያ ነው፤ የተጠበሰ ሙዝና ዓሣ የሚሸጥባት ጋሪ ዙሪያ፣ አንዱ በሌላው ልጅ ላይ ክፉ እየተናገረ። አንዱ አባት ስለ ልጁ ክርን ሲያወራ የራሱን ክርን ይዞ ያሻል። ሌላው ልጁ ዕድሜው ተጣርቶ በሁለት ዓመት በልጦ ስለተገኘ ሁሉም ነገር እንደፈረሰበት እየሳቀ ይናገራል፤ ሳቁ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ከውስጥ ሴኞር ባልካሴር ዣንጥላ ሥር ተቀምጧል። የፍጥነት መለኪያውን የያዘው ረዳቱ ነው፤ መልማዩ ግን ኳሱን አያይም። ኤልፒዲዮ ደጋግሞ አስተዋለው፤ ዮስማር በወረወረ ቁጥር ሁሉም ፊት ኳሱን ተከትሎ ወደ ተቀባዩ ሲዞር የሰውየው ዓይን ልጁ ላይ ይቀራል። ተረከዙን ያያል። ማጅራቱን ያያል። ወገቡን ከቂጡ ጋር ያመዛዝናል። አንዴ ተነሥቶ በዝግታ ከኋላው ዞረና ልጁ ጎንበስ ብሎ ኳስ ሲያነሣ ጀርባውን አየ፣ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ዞሮ እንደሚያየው፣ ሳይቸኩል፣ ከንፈሩን እያሸ። ኤልፒዲዮ ከጋሪዋ የገዛውን ዓሣ ከግማሽ ተወው። ቀሪውን ለውሻ ወረወረው።

ከቀትር በኋላ ቤቱ እንግዳ ተቀበለ። ኔሪስ የፍየል ሥጋ ወጥ ሠርታለች፤ ሩዙ፣ ባቄላው፣ ተጠፍጥፎ የተጠበሰው አረንጓዴ ሙዝ ሁሉ በጎረቤት ሰሃን ቀርቧል። መብራት ስለሌለ ማራገቢያው ቆሟል፤ የቆርቆሮው ጣራ ሙቀቱን እንደ ምጣድ ያወርደዋል። ሴኞር ባልካሴር እንደገቡ ለሁሉም በትሕትና እጅ ነሡ፤ የእመቤታችንን ሥዕል አይተው አማተቡ። ከዋና ከተማው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሽቷቸው ውድ፣ ጥፍራቸው የተሞረደ። ቶሪቢዮ ተነሥቶ ሲጨብጣቸው ቀና ብለው አዩትና «መለኪያ ሜትር አያስፈልገንም እንግዲህ» ብለው ሳቁ። ዳማሶ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጥግ ላይ የበረዶ ባልዲ ይዞ የቆመውን ሰው በአገጫቸው አመለከቱ።

«ጎረቤታችን ናቸው» አለች ኔሪስ ፈጥና። «እንደ ቤተሰብ ናቸው።»

ምሳው ረጅም ነበር። መልማዩ ሲበሉ ይጠይቃሉ፣ ሲጠይቁ ይበላሉ። ቶሪቢዮን በስንት ዓመቱ መርዘም እንዳቆመ ጠየቁት፤ ዳማሶ ያስጠናውን መለሰ። ጫማው ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቁት። ኔሪስን ተነሥታ ከልጁ ጎን እንድትቆም ለመኗት፤ ቆመች። የወንድሞቿን ቁመት፣ የአባቷን ውፍረት፣ ከወንድሞቿ መካከል ጉልበቱን ያመመው እንዳለ ጠየቋት። ከዚያ ከፊታቸው ፈገግታው ሳይጠፋ፣ የወር አበባዋን መጀመሪያ ያየችው በስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቋት፤ ዘግይታ ያየች እናት ዘግይቶ የሚረዝም ልጅ ትወልዳለች፣ እኛ ይህን እናያለን አሉ። ኔሪስ ሩዙን እያየች መለሰች። ልጇ አጠገቧ ቆሟል። ቶሪቢዮ ሰሃኑን እያየ ያኝካል፤ ባል ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ምን ማለት እንዳለበት አልተነገረውም። ኤልፒዲዮ በረዶውን ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ኔሪስ ቀና ብላ አየችው፤ ዝም በል የሚል ዓይን ነበር።

ከዚያ ልጁን አስወለቁት። ሸሚዙን አውልቆ መሃል ቤት ቆመ። መልማዩ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡና የእጁን አንጓ አጥንት በሁለት ጣታቸው ለኩት፣ ክንዱን ከፍ አድርገው ብብቱን አዩ፣ አገጩን ዳሰሱ፣ ጺም ማውጣት የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ዮስማር እንዳዘዙት ይዞራል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ኤልፒዲዮ ይህ ልጅ በልጅነቱ ሐኪም እንዳይነካው አልጋ ሥር ገብቶ ሲጮህ፣ እሱ ራሱ በሆዱ ተስቦ ገብቶ እንዳወጣው አስታወሰ።

«እጅህን ስጠኝ» አሉት ሰውየው። ከኪሳቸው ኳስ አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡ። ዮስማር ጨበጠው፤ ኳሱ እንደ ሎሚ ጠፋ። መልማዩ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውራት አቆሙ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጓቸው፣ የአውራ ጣቱን የጎበጠ አንጓ በሌባ ጣታቸው አሻሹት። «እንዲህ ያለ እጅ ብዙ አላየሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ እጅ ያለው ሰው ኳስን ያናግራል።» ከዚያ ዞር ብለው የቶሪቢዮን እጅ አዩ። ሹካውን የያዘው እጅ ትንሽ ነበር፤ ጣቶቹ አጫጭር፣ ድቡልቡል፣ የነጭ ጓንት እጆች። «ከማን ወሰደው?»

 እነዳማሶ ሁሉንም አስበው ነበር፤ ሸሚዙን፣ ፎቶግራፉን፣ ሰደርያውን፣ የጫማ ቁጥሩን። እጅን ያሰበ ሰው አልነበረም።  ኤልፒዲዮ ባልዲውን ደረቱ ላይ አስደግፎ እጆቹን በረዶው ውስጥ ቀበራቸው። ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ወጣ። የሚገርመው ግን ደስታ ቢጤ ተሰማው፤ አሁን ይታወቃል፣ አሁን ልጁ ወደ እኔ ያያል፣ ከእሱ አፍ ባይወጣ እንኳ ዓይኑ ይናገራል ብሎ አሰበ።

ዮስማር ወደ ማንም አላየም። «የእናቴ አባት» አለ። «እሱን ነው የሚሉት። አገዳ ሲቆርጥ ቆንጨራው እጁ ውስጥ አይታይም ነበር ይላሉ። እኔ አላየሁትም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው።» ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ ፈገግ አለና ወደ ጥግ ዞረ። «ዶን ኤልፒዲዮ፣ በረዶ አለ? ለአባዬ ይጨምሩለት።»

ቆንጨራው እውነት ነበር። ኤልፒዲዮ ራሱ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስለራሱ ያወራለት ታሪክ ነው። ልጁ ከእሱ ላይ አንሥቶ ለሞተ ሰው ሰጠው፤ ለዚያውም ሳይቸኩል፣ አንድም ነገር ሳያጎድል። ኤልፒዲዮ ሄዶ በረዶውን ለወንድሙ ጨመረለት። ቶሪቢዮ ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ።

መልማዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ወንበራቸውን ወደ ጥግ አዞሩና «እርስዎን ልጠይቅዎት» አሉት። «አካል አይቻለሁ። ክንድ አይቻለሁ። የማላየው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ልጅ ብቻውን ሰው አገር ሄዶ፣ ቋንቋ ሳያውቅ፣ ተመትቶ፣ ተሰድቦ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ቤተሰብ ይህን አይነግረኝም፤ ቤተሰብ ሻጭ ነው። ጎረቤት ነው እውነቱን የሚነግረኝ። ከትንሽነቱ ያውቁታል?»

«ከተወለደ ጀምሮ» አለ ኤልፒዲዮ።

«እንግዲያው ይንገሩኝ። ምን ይወጣዋል?»

ኔሪስ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።  ልጁ አሁን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አባቱን አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ልመና የለም፤ መልሱ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው። ኤልፒዲዮን ከሁሉ በላይ ያስጠላው ይህ ነበር። እውነቱን ቢናገር ልጁ ነገ ከእሱ ኋላ ሞተር ላይ ተቀምጦ ወደ ፋብሪካው እንደሚሄድ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን አባቴ ቆረጠብኝ እንደሚልም ያውቃል። እጁ ባልዲው ውስጥ ደንዝዟል።

«አባቱን ያከብራል» አለ። «ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። አባቱን የሚያከብር ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

ቶሪቢዮ አባት ሆኖ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ልጁን ማጅራቱ ላይ ያዝ አደረገው፤ ዳማሶ እንዲህ አድርግ ብሎት ነበር፣ ግን ጊዜውን የመረጠው ራሱ ነው። ኔሪስ ዓይኗን ጠረገች። መልማዩ ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ሐኪም ምርመራ፣ ስለ ፊርማ ወር፣ ስለ ክለቡ ምግብ ማውራት ጀመሩ። ከዳማሶ ጋር ደጃፍ ወጥተው ጥቂት ተንሾካሾኩ። ዳማሶ ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ያበራ ነበር፤ ጨዋታ ከፋች ብለው ነው የሚያስፈርሙት አለ፤ ከኔሪስ ጋር ተቃቀፈ።

እንግዳውን እስከ መኪናው የሸኘው ጎረቤት ነው፤ የአጥሩን በር የሚከፍት ሌላ ሰው አልነበረም። መኪናው ነጭ ነው፤ መስታወቱ ጥቁር። ጎማው ላይ ከሜዳው መንገድ የመጣ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ኤልፒዲዮ አየውና ቆመ። ሴኞር ባልካሴር እጃቸውን ዘረጉለት። እሱ እጄ እርጥብ ነው ብሎ እንደ ደንቡ ክንዱን ሰጣቸው። እሳቸው ግን ክንዱን ይዘው እጃቸውን ወደ ታች አንሸራተቱና መዳፉን ያዙት፣ ገለበጡት፣ ያንን የጎበጠ አንጓ በአውራ ጣታቸው አሻሹት፣ ቀደም ብለው በልጁ ላይ እንዳደረጉት።

«ጠዋት ማንጎው ሥር አውርደውት ሲሄዱ አይቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አይፍሩ። በየሄድኩበት ቤት አንድ ደግ ጎረቤት አለ። ቁመቱ ይበቃዋል፤ ተረከዙን አይቻለሁ፣ ገና ይረዝማል፤ እናትየዋ ያወረሰችው ይበቃል። ይህንን ያወቅሁት እዚህ ሳልመጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

ሰውየው የመኪናቸውን በር ከፈቱ። ቀዝቃዛ አየርና ሽቶ ወጣ። «ልቡን ልይ ብዬ። ኳሱ ጥሩ የሆነ ልጅ ሞልቷል፤ ሰው ሲያየው የሚንቀጠቀጥ ነው የሚበዛው። ይህ ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ አባቱን ሲክድ የአንገቱን የደም ሥር እያየሁ ነበር፤ አልዘለለም። አርባ ሺህ ሰው ፊት ቢቆም አይዘልም።» እጁን ለቀቁት። «ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም። በሜዳ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። እንኳን ደስ አለዎት፣ አባት።»

ነጩ መኪና ዞሮ ሄደ። ኤልፒዲዮ በሩን ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን አስገባ፣ ከዚያ መልሶ አወጣው። አጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ፊቱን በውኃ ታጠበ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ።

መብራት መጥቶ ነበር። ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ዳማሶ ሙዚቃ ከፍቷል፣ ከሱቅ ቢራ ተልኳል። የሰፈሩ ሰዎች በበሩም በመስኮቱም እየገቡ ልጁን ይስማሉ። ኔሪስ ከመሃላቸው አንገቷን አውጥታ «ምን አለህ? ሲሄድ ምን አለህ?» አለችው።

«ወዶታል» አለ ኤልፒዲዮ። «ረጅም ዕድሜ አለው አለ።»

ቤቱ በሆታ ተናወጠ። ቶሪቢዮ ሰማያዊውን ሸሚዝ አውልቆ በካናቴራ ቀርቷል፤ የዋጋው ወረቀት አሁንም አልተቆረጠም፣ ምናልባት ሊመልሰው ይሆናል። ጎረቤቶቹ ሁሉን ስለሚያውቁ «ረጅሙ አባት፣ ረጅሙ አባት» እያሉ ሲቀልዱበት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ዮስማር መሃል ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን እናቱ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ በሌላው ኳሱን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል። መልማዩ ረስተውት ይሁን ሰጥተውት አይታወቅም። አባቱ አጠገቡ ሲያልፍ ኳሱን ይዞ ቆየና «አባዬ» አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዞሩ። ልጁ ቢራ የያዘውን ቶሪቢዮን ነበር የጠራው፤ ሳቀና ኳሱን ወረወረለት።

ኤልፒዲዮ መኝታ ቤት ገብቶ ፍራሹን አነሣ። ፎቶግራፉ ፊቱን ወደ ጣውላው አድርጎ ተኝቷል፤ እንዳለ ተወው። ብርቱካናማውን ሰደርያ አወጣና አራገፈው። አንዱን ቁልፍ ሲቆልፍ ጣቱ ገና ከበረዶው ስላልሞቀ ጊዜ ወሰደበት። በጓሮው በር ወጥቶ ሞተሩን ሳያስነሣ በእጁ እየገፋ በአጥሩ ዳር አሳለፈው። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ዳማሶ ስለ አዲስ ቤት፣ ስለ ፎቅ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲያወራ ተሰማ፤ ኔሪስ ስንት መኝታ ቤት እንደሚኖረው እየጠየቀች ነበር። ኤልፒዲዮ መንገዱ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ።